የከሰለው ዳቦና የጠፋው ኮከብ

— ሄሎ… አዎ፣ ኤቫንቲያ ነኝ። ማን ልበል?… ፓንዴሊስ? ምነው ድምፅህ? ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ለአክስትህ የምትደውለው?… ምሳ ላይ ነን፤ ምሳ ከተባለ። ከአሲሚና ዳቦ ቤት የሚመጣው ዳቦ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ ጠርዙ ከስሎ ነው የሚመጣው። ባሌ ኒቂፎሮስ ጥርሱን ሊሰብር ነው።… እሺ፣ የአሲሚናን ስም አላነሳም። ቀጥል።

— ቀስ በል፣ እሷ ያለችህን ቃል በቃል ንገረኝ።… «ጀልባህ የተሰየመችበት ኮከብ ሲወጣ የወደቡ ግንብ ላይ ጠብቀኝ፤ አግቢኝ ላልከኝ መልሱን እዚያ እነግርሃለሁ»… ጎሽ፣ ልጅቷ አነጋገር ታውቃለች። እና?… ሦስት ምሽት ጠበቅክ፤ አልመጣችም።… ነገ በቀትሩ መርከብ? ፒሬዎስ፣ እህቷ ዘንድ፣ ለሥራ?… ገባኝ። እስከ ነገ ካልተነጋገራችሁ ሄደች ማለት ነው።

— ቆይ፣ አታልቅስ፤ ካፌው ውስጥ ሰው ያይሃል።… ለቅዱስ ኒኮላዎስ ሻማ አበራህ? ቅዱስ ኒኮላዎስ ለመርከበኛ ነው፤ ለደደብ ሌላ ቅዱስ ፈልግ።… አልተሳደብኩም። ሦስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬሃለሁ፤ መብቴ ነው።

— እስቲ ልጠይቅህ። ኮከቡን አየኸው?… ትልቅ፣ በደንብ የሚያበራ። በየት በኩል?… በምሥራቅ? ፀሐይ በወዲያ ስትጠልቅ እሱ በወዲህ ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ?… ፓንዴሊስ፣ እሱ ጁፒተር ነው። ሦስት ምሽት በማያውቅህ ፕላኔት ሥር ነው ተጎልተህ የከረምከው።

— ኒቂፎሮስ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ፤ እዚህ ሰው ትዳር እያመለጠው ነው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ፊት ለፊትህ ምን አለ?… ዑዞ? በዚህ ሰዓት አረቄ? ይሁን፣ ብርጭቆው ፀሐይ ነው። ሌላስ?… ወይራ። አንዷን ፍሬ ከብርጭቆው አጠገብ አድርጋት፤ ቬነስ ናት፣ የጀልባህ ኮከብ። ራቅ አድርገህ ቁራሽ ዳቦ አስቀምጥ፤ እኛ ነን።… ከስሏል? እኛም ከዚያ አንሻልም። አሁን ወይራዋን በብርጭቆው ዙሪያ አዙራት። ከዳቦው ሆነህ ስታያት ከብርጭቆው ብዙ ትርቃለች?… አትርቅም። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ቬነስን አየሁ የሚል ካለ ዑዞውን ቀንስለት። በአንደኛው ጎን ስትሆን ከፀሐይ ኋላ ትቀራለች፤ ማታ ታያታለህ። በሌላው ጎን ስትሆን ግን ፀሐይን ቀድማ… ሄሎ? ምን እያኘክ ነው?… ቬነስን በላሃት?

— ሌላ ፍሬ አድርግ።… ጁፒተር? እሱ ከዳቦው ወዲያ ነው፣ ከእኛ ውጭ። በእሱና በፀሐይ መካከል ስንገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ ያድራል። ያሳሳተህም ይኸው ነው።

— ቬነስማ እስከ ሐምሌ ድረስ ማታ ማታ ነበረች። ከዚያ በእኛና በፀሐይ መካከል አልፋ፣ ጥቂት ቀን በፀሐይ ብርሃን ተውጣ፣ ወዲያኛው ጎን ወጣች። አሁን ጥቅምት ነው፤ የምትታየው ጎህ ሳይቀድ ነው።… አይደለም፣ አቭጌሪኖስ ሌላ ኮከብ አይደለም። ማታ ስትታይ አፖስፔሪቲስ፣ ንጋት ላይ አቭጌሪኖስ እንላታለን እንጂ አንዲት ናት። እንደዚያ እንደ አጎትህ ልጅ፤ ቤት ሌላ ስም፣ ፖሊስ ጣቢያ ሌላ ስም። አባትህ ጀልባዋን አፖስፔሪቲስ ያላት ኮከቧን ማታ ስላያት ነው። አሲሚና ግን ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ሊጥ ስታቦካ በመስኮት የምታያት ንጋት ላይ ነው። ደግሞ ይህን ሳስተምር እሷ ፊት ተቀምጣ ትጽፍ ነበር፤ አንተ ኋላ ተቀምጠህ ታንኮራፋ ነበር።

— ቆይ… ቆይ እስቲ። ኒቂፎሮስ፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ልታጠምድ ስትወርድ ግንቡ ላይ ማንን አየሁ ነበር ያልከኝ?… ሻርፕ የተከናነበች ሴት። ሦስቱንም ቀን?… ማን መሆኗን ለምን አልነገርከኝም?… አልጠየቅሽኝም ይለኛል ደግሞ።

— ሰማህ? ሄሎ… ሰምተሃል። ልጅቷ ሦስት ንጋት ግንቡ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅህ፣ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ይከስል ነበር። ደሴቱ በሙሉ ያንተን እንቅልፍ ሲያኝክ ነው የሰነበተው።

— አይሆንም፣ አሁን እንዳትሮጥ። ዑዞ ዑዞ እየሸተትክ፣ ደንበኛ በተሰለፈበት? ቃሏን ጠብቅ፤ ኮከቡ ሲወጣ ብላሃለች። ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ግንቡ ላይ ተገኝ። ፊትህን ወደ ምሥራቅ አድርግ፤ ከሁሉም አብልጣ የምታበራው እሷ ናት። ጁፒተር ያን ጊዜ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቋል፤ ሰላም ብለኸው እለፍ።… ምን ልበላት? ይቅርታ በላታ። ብቻ ስለ ፕላኔት እንዳታስረዳት፤ ካንተ የተሻለ ታውቃለች።

— አትደውልልኝ፣ በዳቦው አውቀዋለሁ። እስካሁን የከሰለው ጠርዙ ብቻ ነው። ነገ ጨርሶ ከሰል ሆኖ ከመጣ፣ ጨዋታው ደርቷል፤ እሺ ብላሃለች ማለት ነው።… በል፣ ወይራህን ጨርስና ሂደህ ተኛ። ቻው።

— ኒቂፎሮስ፣ ነገ ምሳ ሾርባ ነው። እግዜር ካለ፣ ዳቦ አይኖረንም።