የአቶ ኸይረዲን አብደላ ሕይወትና በቡርቃ ላፍቶ ምንጭ ላይ ያለባቸው ሐቅ

ውድ ሐዘንተኞች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አላህ እርምጃችሁን ይቁጠርላችሁ። ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በጀናዛው ላይ የሟቹ የበኩር ልጅ ሙሀመድኑር እንደ ሥርዓቱ ተነሥቶ፣ «በአባቴ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ለእኔ ይንገረኝ፤ አለዚያም ስለ አላህ ብሎ ዐፉ ይበላቸው፣ ይማራቸው» ሲል ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «ዐፉ ብለናል» አላችሁ። ዝም ያልኩት እኔ፣ የእህታቸው የነኢማ ልጅ አቡበከር፣ ብቻ ነበርኩ፤ ይህንንም ያስተዋላችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ተረድቻለሁ። ዝም ያልኩት በራሴ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። አጎቴ ከመሞታቸው ከአንድ ወር በፊት የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ሲያዙኝ፣ «ሰዉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዐፉ ቢለኝ ነፃ አልወጣም፤ ሳትቆርጥ አንብብላቸውና ያን ጊዜ ይበሉ» ብለውኛል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

አቶ ኸይረዲን ከአባታቸው ከአቶ አብደላ ሙሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረቢአ ዑመር፣ ከከሚሴ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ የገጠር መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለአቅመ ትምህርት ሲደርሱ በመንደራቸው ሸህ ዘንድ ቁርኣን መቅራት ጨርሰው ወደ ፊቅህ፣ ወደ ሃይማኖቱ ሕግ ትምህርት፣ ተሻገሩ። የፊቅህ ኪታብ የሚጀምረው በውሃ ነውና፣ ብዙ ውሃ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነገር፣ ቢወድቅበት እንኳ ቀለሙ፣ ሽታው ወይም ጣዕሙ ካልተለወጠ ንጹሕ እንደሆነ ተማሩ። ጓደኞቻቸው ይህን ምዕራፍ ጨርሰው ወደ ሰላት ሲያልፉ እሳቸው ግን እዚያው ላይ ቆሙ፤ ከእኛ መንደር ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ታችኛው መንደር ቆሽሾ ከደረሰ የቆሸሸው በትክክል የት ቦታ ላይ ነው ብለው ሸሁን ደጋግመው ስለጠየቁ፣ ሸሁ በመጨረሻ «ኸይረዲን፣ አንተ ውዱእህን አድርግ እንጂ ውሃውን አትከተለው» እንዳሏቸው ራሳቸው እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

በከሚሴ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥረው አሰብ ሲመላለሱ ስድስት ዓመት ቆዩ። ከባሕሩ ዳር የቀዱትን አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው መጥተው፣ የጎረቤት ሰው ሰብስበው በቆርቆሮ ላይ ፀሐይ በማስመታት ጨው ሆኖ እስኪቀር ቀኑን ሙሉ እንዳስጠበቁት እናቴ ትነግረኝ ነበር። ሰዉ ጨውን ከገበያ ያውቀዋል፤ ውሃ ውስጥ ተደብቆ እንደሚጓዝ ያየው ግን ያን ቀን ነው።

በ1969 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓዲላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በጨፋ ሜዳ ማሽላና በቆሎ እያረሱ ከቆዩ በኋላ በ1989 ዓ.ም. አንዲት ዲቃላ ጊደር ገዝተው ወደ ከተማው ዳር በመግባት፣ ዛሬ ቡርቃ ላፍቶ ከምንለው ምንጭ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በረት ሠሩ። ላሟ ስትወልድ የምታወርደው ወተት ጎረቤቶቻቸውን ስላስገረመ እነሱም በየተራ ዲቃላ እያስገቡ በዚያው ተዳፋት ላይ ተደረደሩ፤ በ1996 ዓ.ም. አሥራ ስምንት አባወራዎች የወተት አምራቾች ማኅበር ሲመሠርቱ አቶ ኸይረዲንን ሊቀመንበር አድርገው መረጡ። ወተት ውሃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጠብ አድርገው፣ ሳይፈስ መቆም አለመቆሙን አይተው ይፈርዱ ነበር፤ በዚህ ፍርዳቸው ወዳጅ ዘመድ ለይተው አያውቁም።

አሁን ሳትቆርጥ አንብብ ወደ ተባልኩት ደርሻለሁ። በ2006 ዓ.ም. የምንጭና የወንዝ ዳርቻን ስለመጠበቅ የተዘጋጀ የክልል ረቂቅ መመሪያ ለውይይት ወደ ዞናችን ሲደርስ፣ እኔ በውሃ ሀብት ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆኜ እሠራ ስለነበር የቡርቃ ላፍቶን ውሃ እንድመረምር ታዘዝኩ። ናሙናውን የወሰድኩት ከምንጩ ዓይን፣ ውሃው ከድንጋዩ ሥር ከሚፈልቅበት ቦታ ነው። ጠርሙሱን ይዘው ያስሞሉልኝ፣ ክዳኑን አጥብቀው በበረዶው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡልኝ አጎቴ ነበሩ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ውሃው በዓይን የማይታዩ የአንጀት ተህዋስያን እንዳሉበት፣ ከምንጩ የሚቀዱት የታችኛው ሰፈር መቶ ሃያ ቤተሰቦችም ለሕፃናት መስጠት እንደሌለባቸው አሳየ። እኔም በሪፖርቴ ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ የእበት ጉድጓዶች ውስጣቸው በድንጋይና በስሚንቶ ይለበጥ፣ የበረት እጣቢ ወደ ቦዩ አይለቀቅ፣ ከምንጩ ራስ በላይ ያሉ በረቶች ይራቁ የሚሉ ነበሩ። ከአሥራ ስምንቱ አባወራዎች አብዛኞቹ የሚሸሹበት ቦታ እንዳልነበራቸው እኔም አውቅ ነበር፤ ይህን አልክድም።

አጎቴ በማግስቱ እናቴ ቤት መጥተው ሳይቀመጡ «ቀለሙ ተለውጧል?» አሉኝ። «አልተለወጠም» አልኳቸው። «ሽታው?» «አልተለወጠም።» «ጣዕሙስ?» ሲሉኝ፣ የእናትን ወንድም በኦሮምኛ እንደምንጠራው «ኤሱማ፣ ይህ የሚታየው በመሣሪያ ነው» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያው ውሃውን ያረከሰው የአንተ ወረቀት ነዋ» ብለው ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ለመሥሪያ ቤቴ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ባለሙያው ናሙናውን የወሰደው ከምንጩ ዓይን ሳይሆን ከብት ገብቶ ከሚጠጣበት ከረግረጉ ነው፣ ይህንንም በዓይናችን አይተናል የሚል ሲሆን፣ አሥራ አንድ ሰዎች ፈርመውበታል፤ የመጀመሪያው ፊርማ የአጎቴ ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠብኝ፤ ጠርሙሱን ማን እንደያዘ ብናገርም የሚመሰክርልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ቃሌ አልተሰማም። ሪፖርቱ ውድቅ ሆነ፣ ደረጃዬ ዝቅ ብሎ ወደ ባቲ ተዛወርኩ፣ ተፈቅዶልኝ የነበረው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለሌላ ተሰጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሥራውን ለቅቄ ዛሬ በግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እናቴ ወንድሟን ትወድ ስለነበር ቤቷ ውስጥ ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ አቶ ኸይረዲን ማንም ሳያስገድዳቸው በረታቸውን አፍርሰው ከምንጩ ማዶ ወዳለው ጥግ አዛወሩ፤ የድሮውን የእበት ጉድጓድ ጠርገው ሞሉ፣ አዲሱንም በድንጋይና በስሚንቶ ለበጡ። አባላቱ «ሊቀመንበር፣ ምነው? ጅኒ ነው ያስነሣዎ?» እያሉ ቢያሾፉባቸውም፣ በዚያው ዓመት ጉባኤ ጠርተው ሌሎቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ውስጠ ደንብ እንዲጸድቅ አደረጉ። ቦታ ላጡት ለአራቱ ከራሳቸው ጓሮ ቆርሰው ሰጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከምንጩ ራስ በላይ አንድም በረት አልቀረም። ከሌሎች ከተሞች ሳይቀር እየመጡ ጎብኝተውታል፤ እስከ ዛሬም የኸይረዲን ደንብ ይባላል። ደንቡ ሦስት አንቀጽ ነው፤ ሦስቱም ከተጣለው ሪፖርቴ፣ የፊደል ግድፈቴ እንኳ ሳይታረም፣ የተገለበጡ ናቸው። ይህን ሐሳብ ከየት አመጡት ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «ላሞቼ ናቸው የነገሩኝ» ይሉ ነበር። ሰዉ ይስቅ ነበር፤ ቀልዱ ባቲ ገበያ ድረስ ደርሶ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን አልሣቅሁም።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጠንቶባቸው ደሴ ድረስ ሄደው ቢታከሙም ሊሻላቸው ባለመቻሉ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ተኙ። ከአንድ ወር በፊት አስጠርተውኝ ወይዘሮ ዓዲላና ሙሀመድኑር ባሉበት እንዲህ ብለው ነገሩኝ። ደብዳቤውን በፈረሙ በዓመቱ፣ በ2007 ዓ.ም. በሻዕባን ወር፣ የእኔ ወረቀት ሐሰት መሆኑን ለራሳቸው ሊያረጋግጡ አስበው ባቲ ወርደው ጨው ገዙ። ጨው ሻጩ «ይህ ሁሉ ለስንት ከብት ነው?» ቢላቸው «ለአንድ ጉድጓድ» ብለው መለሱለት። ጨውን ለእበት የሚገዛ ባል ያለኝ ሴት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ወይዘሮ ዓዲላ ያን ጊዜ ተቆጥተው እንደነበር እዚያው አልጋው አጠገብ አስታወሱን። ጨውን በእበት ጉድጓዱ ውስጥ አሟሙተው፣ በየማለዳው ምንጩ ዓይን ላይ ቀርበው ውሃውን ይቀምሱ ጀመር። እበቱ ወደ ምንጩ የማይደርስ ከሆነ ጨውም አይደርስም፤ የሚደርስ ከሆነ ግን ጣዕሙ ይለወጣል። የተማሩት ኪታብ ጣዕም ይቆጠራል ይላልና የመረጡት ምስክር ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማፍርበትን ልናገር። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ሐቁን ሲናዘዝልኝ እኔ «ስንት ኩንታል?» ብዬ አቋረጥኳቸው።

«ሦስት» አሉኝ።

«ዝናብ ጥሎ ነበር?»

«ገና ነበር።»

«ከጉድጓዱ እስከ ምንጩ ስንት ይሆናል?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ እርምጃ። አንተ ልጅ፣ እኔ ዐፉ በለኝ ስልህ አንተ ስንት ኩንታል ትለኛለህ?» አሉና ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

ለአሥራ አራት ቀን ምንም አልቀመሱም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ፤ ጾመኛ ቀን ላይ ውሃ አይቀምስምና ሙከራቸው የተቋረጠ መሰላቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግን ላሞቹን ወደ ምንጩ ቢያወርዷቸው ጠጥተው አንወጣም አሉ፤ ቢመቷቸውም ተመልሰው ድንጋዩን ይልሳሉ። አጎቴ በማግስቱ ላሞቹን ወደ ሌላ ምንጭ ወሰዷቸው፤ እዚያ ጠጥተው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቡርቃ ላፍቶ መለሷቸው፤ አሁንም አንወጣም አሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ማመሳከሪያ ለመማር ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ግን ከራሳቸው አመጡት። ያን ዕለት መግሪብ ሲል በተምር ፈንታ ጾማቸውን የፈቱት ከምንጩ ባስቀዱት ውሃ ነው። ጨዋማ ነበር።

«ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ፈራሁ፤ ነኢማን ነው የፈራሁት። በልጇ ላይ በሐሰት እንደመሰከርኩ ብታውቅ ዓይኔን አታየውም።»

«እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።»

«አዎ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመድኩት።»

ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቁልኝ ብጠይቃቸው «የዋሸሁት በወረቀት ነው፤ እውነቱን ደግሞ በሰው ፊት ይወቁት» ብለው እንቢ አሉኝ። በነገሩ እስካሁን አልተስማማሁም፤ ቃላቸውን ግን ይኸው ፈጽሜያለሁ።

አቶ ኸይረዲን አብደላ ትናንት ሐሙስ ከመግሪብ ሰላት በኋላ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ሸሃዳ እያሉ ወደ አኺራ ሄደዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓዲላን፣ ልጆቻቸውን ሙሀመድኑርን፣ ሳሚያንና ካሚልን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን የእህታቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል።

አሁን ሙሀመድኑር በጀናዛው ላይ የጠየቀውን በእሱ ፈንታ እንደገና እጠይቃለሁ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ከ2006 ጀምሮ በረቶቹ እስኪነሡ ድረስ ከቡርቃ ላፍቶ ቀድታችሁ ያጠጣችሁ፣ በዚያን ጊዜም ልጅ ታሞባችሁ ያደራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቀደም ሲል ዐፉ ያላችሁት ሳታውቁ ስለነበር አይቆጠርም። አሁን አውቃችኋል። የምትሉት ካላችሁ በሉ፤ ዐፉ ለማለትም ሆነ ለመንፈግ ሐቁ የእናንተ ነው።

የእኔን በተመለከተ፣ ሲጠይቁኝ ዐፉ አላልኳቸውም፤ ቤታቸው እየተመላለስኩ ስለ ጨውና ስለ ላሞቹ ጠየቅኋቸው እንጂ ያቺን ቃል አልተናገርኳትም፤ እሳቸውም ሳይሰሟት ሄደዋል። ዛሬ በእናንተ ፊት፣ ስለ አላህ ብዬ፣ ኤሱማዬን ኸይረዲን አብደላን ዐፉ ብያቸዋለሁ። አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የቀሩትንም ሰብር ይስጣቸው። አሚን።

በደብዳቤው ላይ አሥራ አንድ ፊርማ አለ። ዐፉ ያልኩት አንዱን ነው። ከፈረሙት አምስቱ በዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እነሱ በሕይወት ስላሉ ዐፉ እንድላቸው ራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ።