የረግረጉ ሂሳብ

ሰው ሁሉ «ጭቃ ሹም» ይላቸዋል። የከተማውን የውሃ ማጣሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለመሩ ስሙ የወጣላቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። የዚያን ዕለት ጠዋት ማመልከቻ በብብታቸው ሸጉጠው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገቡ ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። በአምስት ሰዓት የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል። በካዝናው ያለው አራት ሚሊዮን ተኩል ብር ለአንድ ሥራ ብቻ ነው የሚበቃው። ጭቃ ሹም ደግሞ ያ ሥራ አዲስ ማዘቅጫ ገንዳ እንዲሆን፣ ማለትም የወንዙ ድፍርስ ውሃ ከመጣራቱ በፊት አርፎ ጭቃውን የሚጥልበት ሰፊ ጉድጓድ እንዲሠራ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ለምነዋል። በሚመጣው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ገንዳውን ሳያስጀምሩ መውጣት ለሳቸው ሽንፈት ነው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። «ይቀመጡ ጋሼ፣ ይመጣል። ጠፍቶ የቀረበት ቀን የለም» አለች ባለ ሱቋ።

አግዳሚው ላይ የወንድማቸው ልጅ ተቀምጣለች። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ጥናት ክፍል ነው የምትሠራው። ሳያስቡት ስላገኟት ደስ ብሏቸው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጠየቋት። እሷ ግን መልሷ ሁሉ አጭር ነው፤ እጇም ጭኗ ላይ ከተደፋው ወረቀት አልተነሳም።

ነገሩን ያፈረጠችው ባለ ሱቋ ናት። «የሁለታችሁም ሰባት ሰባት ኮፒ ነው፤ ለምክር ቤቱ አባላት አይደል?» አለች፣ ምንም ክፉ ሳታስብ።

ጭቃ ሹም መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ጥቂት አመንትታ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ርእሱ «የላይኛውን ረግረግና የተራቆተውን ተዳፋት መልሶ ለማልማት የወጣ የወጪና የጥቅም ግምት» ይላል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ «ስለዚህ የማዘቅጫ ገንዳው ግንባታ እንዲዘገይ ይመከራል» ይላል። ሁለቴ አነበቡት።

«ከእኔ መደበቅ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሚያውቃቸው ሰው ያን ጊዜ ነው የሚፈራው።

«ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ቤት መጥቻለሁ፣ ጋሼ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ገንዳው አጫወቱኝና አፌ ተያዘ።»

«ዛሬ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነዋ ያሰብሽው።»

«እርስዎን ማዋረድ አባቴን ማዋረድ ነው። ግን ገንዳው ከተሠራ ገንዘቡ አለቀ፤ ረግረጉ ሌላ ሃያ ዓመት ይጠብቃል። ዝም ብል ደግሞ ከተማው ይጎዳል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን እንዲረዳ፣ ረግረጉ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ከተራራው እንደወረደ የሚንጣለልበት ሜዳ ነበር። የዛሬ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ተንጠፈጠፈና ሠላሳ አራት አባወራዎች አረሱት። በላዩ ያለው ተዳፋትም በዚያው ሰሞን ተመነጠረ። ያን ጊዜ ሁላችንም አጨብጭበናል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ተራራው እየተቆረሰ በቧንቧችን መምጣቱን ግን ከቦዩ ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

የጭቃ ሹም ስልክ ጮኸ። ከማጣሪያው ምክትላቸው ነው። ላይ አገር እየዘነበ ነው፣ ውሃው መልኩን ቀይሯል፣ ምን ላድርግ ይላል። «መድኃኒቱን በእጥፍ ጨምር፤ ከጠቆረ የወንዙን መግቢያ በር ዝጋና ደውልልኝ» ብለው ዘጉ። ፊታቸው ተለወጠ። አምና በሩ አርባ ቀን ተዘግቶ፣ የታችኛው ሰፈር ሰው ከወንዝ ቀድቶ ጠጥቶ፣ ስንት ሕፃን በተቅማጥ ሆስፒታል እንደገባ ያውቃሉ።

«ሰማሽ? ውሃው ዛሬ ነው የደፈረሰው። አንቺ ደግሞ ሣርና ችግኝ ትይኛለሽ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ይሄ ነው።»

«ረግረጉ ሰማይ ላይ አልነበረም፣ ጋሼ። ይኸው አጠገባችን ነበር። ጎርፉን አዝግሞ፣ ጭቃውን ሣሩ ሥር አስቀርቶ፣ የጠራውን ነበር የሚልክልዎ። ደሞዝ ጠይቆ ስለማያውቅ ስናባርረው የከሰርን አልመሰለንም።»

«ባለ እርሻዎቹስ? ሠላሳ አራት ቤት ነው። እነሱን በየትኛው ዓምድሽ ነው ያባረርሻቸው?»

«ወጪው ውስጥ ናቸው። ረግረጉ ከሚፈጀው አራት ሚሊዮን አንድ ሚሊዮን ተኩሉ የእነሱ ካሳ ነው። ሣሩንም አጭደው የሚሸጡት እነሱ ይሆናሉ።»

«ችግኙ ቢደርቅስ?»

«ግማሹ ይደርቃል ብዬ ነው የገመትኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ደግሞ ምንም ጥቅም አልጻፍኩባቸውም፣ ዜሮ ነው።»

ጭቃ ሹም ይህን አልጠበቁም። ጥናት የሚባል ነገር ሁሉ የሚያጋንን ይመስላቸው ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ዓምዶቹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። አራት ሚሊዮን ወጥቶ በሃያ ዓመት ሃያ ሚሊዮን ይተርፋል ይላል፤ አንዱ አምስት ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። ለቦቴ ውሃ ይወጣ የነበረ አምስት ሚሊዮን፣ ለገንዳ ጠረጋ አራት፣ የታችኛው ሰፈር ከጎርፍ ጉዳት ሲድን ሁለት። ትልቁ ጭቃውን የሚያዘቅጠው መድኃኒት፣ አሉም የሚሉት ዱቄት ነው፤ ዘጠኝ ሚሊዮን።

ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይሄ አሉም ስንት ቀን ነው የተቆጠረው?»

«ክረምቱን በሙሉ። በጣም በሚደፈርስባቸው ቀናት ከፍተኛውን መጠን ወስጄ።»

«በጣም ሲደፈርስ እኮ በሩን እንዘጋለን፣ ልጄ። በተዘጋ በር አሉም አይጨመርም። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ከቦቴ የሚገዛው። አንቺ ለዚያው ቀን አሉምም ቆጠርሽ፣ ቦቴም ቆጠርሽ። አንድ በሬ ሁለቴ ሸጥሽ።»

ባለ ሱቋ የምታጥፈውን ወረቀት ተወችው። የልጅቷ ፊት ደም ሸሸው። ስምንት ወር የደከመችበት ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ሰባት ሰው ፊት ልታቀርበው ነው። ጭቃ ሹም ይህን ሲያዩ ማሸነፋቸውን አወቁ። ክፉ ደስታ ተሰማቸው፤ ደስታው ግን ደረታቸው ላይ ተቀምጦ አልሞቃቸውም።

«ከሽፋኑ በስተቀር የሚያነብ የለም። ዝም ብትይ ማንም አያውቅብሽም» አሉ። ለምን እንዳሉት እሳቸውም አላወቁም፤ ምናልባት ሊፈትኗት ይሆናል።

«እርስዎ ያውቃሉ። እኔም አሁን አወቅሁ።» ብዕሯን አወጣች። በጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጥቂት አሰበችና ዘጠኙን ሰርዛ ሦስት ጻፈች፤ ሃያውንም ሰርዛ ዐሥራ አራት። «አምስት ሳይሆን ሦስት ተኩል ነው የሚመለሰው። እንዲህ ሆኖ ይቅረብ።»

ባለሙያ ነን የምንል ሰዎች ከዚህች ልጅ የምንማረው አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ስህተቱን የደበቀ ግምትም አማኝ የለውም። ጭቃ ሹም አምስት ሲባሉ ያላመኑትን፣ ሦስት ተኩል ሲባሉ ማመን ጀመሩ።

እሷም በተራዋ ማመልከቻቸውን አነሳች። «ጋሼ፣ እኔም አንድ ልጠይቅ? አዲሱ ገንዳ ሃያ ዓመት ያገለግላል ብለዋል። ሃያ ዓመቱ ከየት መጣ?»

«ከሠሪው ድርጅት ወረቀት።»

«አሮጌውስ ሲሠራ ስንት ዓመት ተብሎ ነበር?»

«እሱም ሃያ» አሉ።

«በስንት ዓመቱ ሞላ?»

በስንት ዓመቱ እንደሞላ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በየወሩ ረጅሙን ዘንግ እየሰደዱ የጭቃውን ከፍታ የለኩት እሳቸው ናቸው። «በዘጠኝ» አሉ።

«ያኔ የሚወርደው ጭቃ የዛሬው ግማሽ ነበር። ይህንንም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አስታውሳለሁ።» ወደ ጎዳናው ተመለከቱ። አራት ሚሊዮን ተኩል የፈሰሰበት ገንዳ በአምስት ዓመት በጭቃ ይሞላል። ይህን በልባቸው ካወቁት ቆይተዋል፤ ግን ጡረታ ወጥቼ ሳለሁ ይሞላል ብለው አልፈውታል። አሁን ያ ሐሳብ በራሳቸው ፊት ራቁቱን ሲቆም አፈሩ።

«ብዕርሽን አምጪ» አሉ። ከማመልከቻቸው ላይ ሃያን ሰርዘው «አምስት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን የአንቺን እናስተካክል። አንድ ወጪ ረስተሻል። ረግረጉ እስኪመለስ ሦስት ክረምት አለ። አሮጌው ገንዳ በየዓመቱ ካልተጠረገ ሰዉ በመሀል ያልቃል። ለሱ ግማሽ ሚሊዮን ጨምሪ።»

«እሱ ሲጨመር ከሦስት ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው።»

«ሦስት ይበቃል። አንድ ዘርቶ ሦስት ያመረተን ማን ይሰድበዋል?»

መብራቱ መጣ። ማሽኑ የልጅቷን ጥናት ብቻ ሰባት ኮፒ፣ ስርዝ ድልዙን ጭምር፣ አወጣ።

በምክር ቤቱ አዳራሽ ልጅቷ ስታስረዳ አባላቱ ወደ ጭቃ ሹም ይመለከቱ ነበር። ዐሥር ዓመት ስለ ገንዳ ሲጮኹ ሰምተዋቸዋልና ሲነሱ ሁሉም ጠብ ጠበቁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብለው ጀመሩ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃን ከድፍርሱ ነው የያዝኩት። የጠየቅኳችሁ ገንዳ በአምስት ዓመት ይሞላል፤ ከዚያ ሌላ ትቆፍራላችሁ። ረግረጉ ቢመለስ ግን ጭቃው እዚያው ይቀራል። ለመድኃኒት የምናወጣው ይቀንሳል። ድሃው ከቦቴ በአምስት እጥፍ አይገዛም። የታችኛው ሰፈር ሰው ጎርፍ ሲመጣ አልጋውን ተሸክሞ አይወጣም። በጋውን ደግሞ ምንጩ አይነጥፍም፤ ይህችን የመጨረሻዋን እንኳ ልጅቷ በገንዘብ ለመተመን ስለከበዳት ሂሳቡ ውስጥ አላስገባቻትም። ጥቅሙ ከተጻፈው ይበልጣል እንጂ አያንስም።»

ሰብሳቢዋ አቋረጠቻቸው። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ግን ሦስት ዓመት ያን አሮጌ ማጣሪያ ማን ይሸከመዋል? እርስዎ በወሩ መጨረሻ ይወጣሉ። ምክትልዎ ብቻውን እንደማይችለው በአምናው ማመልከቻዎ ላይ ራስዎ ጽፈውልናል።»

ጭቃ ሹም ጠዋት ጠዋት የሚያማቸውን ጉልበታቸውን አሰቡ። ጡረታ ስትወጣ እናርፋለን እያለች ቀን የምትቆጥረውን ሚስታቸውን አሰቡ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ውሃው ጠቁሯል። ይቅርታ ጠይቀው፣ ድምፅ እስኪሰጥ ሳይጠብቁ ወጡ።

ልጅቷ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ማጣሪያው ግቢ ስትደርስ፣ አጎቷ ከምክትላቸው ጋር የመግቢያውን በር ትልቅ መንኮራኩር እየጠመዘዙ ነበር። እጅጌያቸው እስከ ክንዳቸው ተሰብስቧል፣ ሱሪያቸው በጭቃ ተለውሷል። ከበሩ ወዲያ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጋፋል።

«አልፏል፣ ጋሼ» አለች ትንፋሽ አጥሯት።

«ስንት ለስንት?»

«አምስት ለሁለት። ሁለቱ ገንዳ ካልሆነ ብለው ችክ አሉ። እንዲያው እንዴት አይገባቸውም?»

ጭቃ ሹም መንኮራኩሩን የመጨረሻዋን ዙር አዙረው ቀና አሉ።

«አትቀየሚያቸው» አሉ። «ጠዋት እኔም ሦስተኛቸው ነበርኩ።»