የሦስተኛዋ ጀልባ ወርድ

ጋሽ አላምረው፣ ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነው፤ ከመቀመጫዎ መነሣት የለም። መልስ መስጠትም የለም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚህ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ክፍል የተቀጠሩ ቀን፣ ከጎርጎራ አውቶቡስ ወርደው የመጡት አንድ እስር የታንኳ ደንገል በትከሻዎ ተሸክመው ነው አሉ። ዘበኛው፣ «ምነው ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ምን ሐይቅ አለና ታንኳ ትሠራለህ?» ቢልዎ፣ «ክረምት አይመጣም እንዴ?» አሉት።

ክረምቱ ሠላሳ ጊዜ መጣ።

የምታውቁትን ልድገመው። ጋሽ አላምረው ሜትር አይዙም። የአባታቸው ታንኳ የተለካው በክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። የእሳቸውም ጀልባ እንዲሁ። የዲኑን ጠረጴዛ ሳይቀር በክንዳቸው ለክተው፣ «አጥሯል» ብለዋቸዋል። ስብሰባ ሲረዝም በመስኮት ወደ አዘዞ፣ ወደ ሐይቁ በኩል፣ ያያሉ። «ነፋስ መጣ» ይላሉ። ይወጣሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ወጣሁ። ቅጠል አይነቃነቅም። አጠገባቸው ስቆም ግን የሆነ ነገር ፀጉሬን ነካው።

የመጀመሪያዋ ጀልባ የአባታቸው የደንገል ታንኳ ነበረች፣ የአቡጀዴ ሸራ የተሰፋላት። ውኃ ጠጥታ ከበደች። ሁለተኛዋ ያው ቅርጽ፣ በዋንዛ ሳንቃ። እሷ ሄደች። ተሳፍሬባታለሁ፤ የምትሄድ አይመስልም፤ ዳርቻው ነው ቀስ ብሎ የሚርቀው።

ሦስተኛዋን ታውቋታላችሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጎርጎራ ሐይቁ ላይ፣ ሸራዋ ገና በነፋስ ሲነፋ ተገለበጠች። የመዝገብ ቤቱ እንዳልካቸው ከውኃው ከነከረባቱ ብቅ ብሎ፣ «ቦርሳዬስ?» አለ። ሳቅን። ጋሽ አላምረውን «ካፒቴን አስምጥ» አልናቸው። ለአራተኛዋ የተዘጋጀው ሳንቃ መደርደሪያ ሆነ። ኬኩ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

እኔ መንበረ፣ የንድፍ አስተማሪዋ፣ ያን ቀን ብዙ አልሳቅሁም። ንድፉን የሣልሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አላምረው «ወርዷ ሦስት ክንድ» ብለውኝ ፈቃድ ወጡ። ወደ ሴንቲሜትር ስቀይረው የለካሁት የራሴን ክንድ ነው። ይኸው። አጭር ነው። ጀልባዋ ጠበበች፤ የተገለበጠችው ለዚያ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት። ስንቴ ልናገር ብዬ በርዎ ላይ ቆሜ፣ «ሻይ ይጠጣሉ?» ብዬ ተመለስሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሰኞ ዕለት መሳቢያዎን ስናራግፍ ያን ንድፍ አገኘሁት። ከወርዱ ቁጥር አጠገብ፣ በእርሳስ፣ በእርስዎ ጽሕፈት፦ «ሦስተኛዋ፤ በመንበረ ክንድ።» ቀኑ የተገለበጠችበት ማግስት ነው። ቁጥሩን አልሰረዙትም። ለማንም አልተናገሩም። ከሁለቱ ቀጥላ በተራዋ ገብታለች፣ እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ አንድ ዓይነት ጀልባ።

ስለ ሥራዎ ሌሎች ያመሰግኑዎታል። እኔ ስለዚያች የእርሳስ መስመር አመሰግናለሁ።

መደርደሪያውን ነገ እንፈታዋለን። ዲኑ ፈቅደዋል። አራተኛዋ ከሳንቃው ትሠራለች፤ ጎርጎራ መጥተው ይቀበሏታል።

ብርጭቆ አንሡ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ነፋሱም አይለይዎ። ጋሽ አላምረው፣ እርስዎ በግራዎ ያንሡ። ቀኝ ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉልኝ።

ሜትር ይዣለሁ።