መርፌም ሰዓት አለው

ልጄ ሸዋነሽ የበኩር ልጇን እኔ ቤት ልትወልድ ዲላ በመጣች በሃያኛው ቀን፣ በማለዳ ምጥ ያዛት። ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር፣ በዚሁ በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ነው። ባሏ ባልቻ ለቡና ግዢ ይርጋጨፌ ስለሄደ ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ወድቋል። ገና ወገቧን ሁለት ጊዜ ስትይዝ ወጥቼ ሮጥኩ። የምሄደው ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጣው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር ወንድይራድ ዘንድ ነው፤ ምጥ የሚያፋጥን መርፌ አለው ሲባል ሰምቻለሁ። ታላቅ እህቴ ሦስት ቀን አምጣ በአራተኛው ስትቀበር ያየሁ ሰው ነኝና፣ ልጄ አንድ ቀን እንኳ እንድትሰቃይ አልፈለግሁም።

መንገድ ላይ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ስመኝን አገኘኋት። የቸኮልኩበትን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት።

«እማማ አሰፋች፣ ወደዚያ ሰው አይሂዱ» አለችኝ። «ይልቅ አብረን እንመለስና ሸዋነሽን ልያት።»

«መርፌ ይዘሻል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የላከሽ» ብዬ ፊት ፊት መራሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቴ ሀዲጃ ሸዋነሽን አንበርክካ «አምጪ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ» ትላታለች። ስመኝ እጇን በሳሙና ታጥባ መረመረቻት፤ በእንጨት መስሚያም የሕፃኑን ልብ አዳመጠች። መርፌውን አፍልታ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አስቀመጠችው። እኔ ትወጋታለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ «ተነሺ እህቴ፣ ወደ ጓሮ እንውጣ» አለቻት። ልጄ በእንሰቱ መሃል ወዲያ ወዲህ ስትል እኔ በር ላይ ቆሜ ተቃጠልኩ።

«ምጥ የያዛት ሴት ሽርሽር ትወጣለች?» አልኩ።

«መቆምና መራመድ ሕፃኑ ወደ ታች እንዲወርድ ይረዳዋል፣ እማማ።»

«መርፌውስ?»

«አሁን አልወጋትም።»

«ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው የምትሰስቺው? እኔ እኮ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፤ የሠለጠነውን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሀዲጃ ሳቀች። «ፊደል ቆጥራ መርፌ የምታመልክ ሴት ዛሬ አየሁ። እኔ ሰባቱንም ያለ መርፌ ወልጃለሁ።»

«ሰባቱንም እየጮህሽ፤ ሰፈሩ ምስክር ነው» አልኳት።

ስመኝ ታግሣ አስጨረሰችንና፣ «እማማ፣ ቡናዎ ገና አረንጓዴ ሳለ በግድ ቢያራግፉት ምን ይሆናል?» አለች።

«ቅርንጫፉ ይገነጠላል፤ ለከርሞም አይሰጥ።»

«ማህፀንም በሯን ሳትከፍት በመርፌ ብትገደድ ልትቀደድ ትችላለች፤ ሕፃኑም ሊታፈን ይችላል። እትዬ ሀዲጃ፣ እርስዎም ከጠዋቱ አምጪ እያሉ ለመጨረሻው የሚያስፈልጋትን ጉልበት ያስጨርሷታል።»

«እህቴ ግን ጠብቃ ጠብቃ ሞተች» አልኩ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ነበር?»

አልነበረም።

«እኔም ዝም ብለን እንጠብቅ አላልኩም። የሕፃኑ ልብ አሁን ደህና ነው፤ በየጊዜው አዳምጣለሁ። ልቡ ከደከመ፣ ደም ከታየ፣ ወይም ምጡ በርትቶ ሕፃኑ አልወርድ ካለ፣ መኪና ፈልጌ ሆስፒታል እወስዳታለሁ። ያን ጊዜ እንዳይከለክሉኝ ቃል ይግቡልኝ።»

ሆስፒታል የገባ ይወጣል ብዬ የማላምን ሰው፣ ቃል ገባሁ።

ቀኑ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ሸዋነሽ ትራመዳለች፣ አጥሚት ትጠጣለች፣ ሲብስባት አንገቴን ታቅፋ ትንጠለጠላለች። ሀዲጃ ወገቧን ታሻለች፤ ስመኝ «ወገቧን እሺ፣ ሆዷን ግን አይንኩ» ብላታለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልጄ ተንበርክካ፣ በራሷ ጉልበት ሴት ልጅ ወለደች።

እልልታችን ሳያልቅ ነገር ተበላሸ። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ሳለ ደሟ አልቆም አለ። ስመኝ በአንድ እጇ ሆዷን እያሸች በሌላው መርፌውን አነሣች። ጠዋት ለመርፌ የሮጥኩት እኔ፣ እጇን ያዝኩ።

«ይቀድዳታል ብለሽኝ የለም?»

«ያ ሕፃኗ ውስጥ ሳለች ነው። አሁን ማህፀኗ ካልተኮማተረች ደሟ ያልቃል። እጄን ይልቀቁኝ፣ እማማ።»

ለቀቅኋት። ወጋቻት። ደሙ እየቀነሰ እየቀነሰ መጣ፤ ሸዋነሽም ውሃ ጠየቀች።

ሀዲጃ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ «አክስቴ እንዲህ ደሟ ሲፈስ እኛ የምናውቀው ማልቀስ ብቻ ነበር» አለች።

እናቶች ሆይ፣ ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለምትጨነቁት ነው። ምጥ በሽታ አይደለም፤ ጠባቂ ግን ይሻል። ሴቲቱ ደህና ከሆነች ትራመድ፣ ትጠጣ፣ እንደተመቻት ትሁን፤ የተማረች አዋላጅ ከአጠገቧ አትጥፋ። መርፌን ከየመንደሩ አትለምኑ፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ አትከልክሉ። እንዲህ ብናደርግ ጉልበት አይባክንም፣ ማህፀን አይጎዳም፣ አራስም ከልጇ ጋር ትተርፋለች።

የሀዲጃ ምራት በጥር ትወልዳለች። ትናንት ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ስመኝ ብቅ ስትል ሀዲጃ ብድግ ብላ፣ «ያንን መርፌ ለምራቴ ከወዲሁ ውጊልኝ» አለቻት።

ጎትቼ አስቀመጥኳትና፣ «መጀመሪያ ትመርምራት» አልኳት።