በእማማ ታየች ማተብ ላይ ያለችው የሮማ ብር

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ የወንድማችን የሰውአገኝ ባለቤት እመት ሸዋረግ፣ ልጃቸው ፀደይ፣ ከአምባ ጊዮርጊስም ከትክል ድንጋይም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናን።

ሰውአገኝ የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረ ቅድም ተነቧል። እኔ አልደግመውም። ኪሩ እባላለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት እሱ ታሪክ፣ እኔ ኬሚስትሪ ስናስተምር አብረን ያረጀን ጓደኛው ነኝ። እኔ የምነግራችሁ ከክፍል ሲወጣ ይሠራው ስለነበረው ሥራ ነው። "መምህር ሰውአገኝ የሳንቲም እብድ ነው" ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ። ሬሳው ፊት አንዋሽም።

ምን ነበር የሚፈልገው? ሀብት ነው? አይደለም። የጥንት የሮማ ነገሥታት ያሠሩት ብር፣ በባሕር ንግድ ይሁን በሌላ፣ እንዴት እንደመጣ እሱም አያውቅም፣ አንዳንዱ ከጠገራ ብር ጋር ተደባልቆ በእናቶቻችን አንገት ላይ ይገኛል። የውጭ ሊቃውንት ይህን ገንዘብ እየለዩ መዝግበውታል። በላዩ የተቀረጸው ንጉሥ ፊቱን ወደ ግራ ቢያዞር አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ቀኝ ቢያዞር ሌላ ዓይነት። በጀርባው የቆመችው ሴት ዘንባባ ብትይዝ አንድ፣ አክሊል ብትይዝ ሌላ። ሰውአገኝ የሚፈልገው ማንም ያልመዘገበውን ዓይነት ነበር።

ቢያገኝስ ምን ሊጠቀም? እኔም ጠይቄዋለሁ። "ኪሩ" አለኝ፣ "አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አጥፍቶ ቀርጾታል እኮ። የደከመበት ነገር እንዳልተሠራ ሆኖ ሲቀር አያሳዝንህም?" እውነቱን ልናገር? እኔን አላሳዘነኝም። እሱን ግን ያሳዝነው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

የአምባ ጊዮርጊስ ሰዎች፣ ይህችን ታስታውሷታላችሁ። በገበያ ቀን አብረን መጣን። "ከጎንደር አንድ መምህር የጥንት ብር ሊያይ መጥቷል" ተባለ። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ጨዋ ናችሁና "እንግዳ ፊት የወየበ ጌጥ አይወጣም" አላችሁ። በአመድ አሻችሁት። በሎሚ አሻችሁት። አልበቃ ያላችሁም በአሸዋ ፈተጋችሁት። እንደ መስተዋት አብርታችሁ አቀረባችሁለት። ንጉሡ አፍንጫ የለው፣ ጆሮ የለው! እኔ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። እሱ አጉሊ መነጽሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከመካከላችሁ አያ አለነ ደግሞ "ምነው መምህር፣ አልጠራም? ደግመን እንፈትገው?" አሉት። "ኧረ ይበቃል አያ! ሸጋ አድርጋችሁ አጽድታችሁታል" አለ። አመስግኖ ተነሣ። በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ ለምኖ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ "ምእመናን ሆይ፣ ለመምህር የምታሳዩትን ብር እባካችሁ አትጠቡ" አስባለ። አዎ፣ ሳቁ። እሱም ሲያወራው ይስቅ ነበር።

ያልታጠበች አንዲት ብር ግን ነበረች። የእማማ ታየች ናት። እማማ እዚህ አሉ፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል። ማተባቸው ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ ትንሽ ብር አለች። ማተብ ስለማይፈታ አላጠቧትም። ሰውአገኝ ባያት ጊዜ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለባት። ንጉሡ የታወቀ ነው። በጀርባዋ ያለችው ሴት አቋቋም ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች። ምን ይዛለች? ጉዱ እዚያ ላይ ነው። በዱሮ ጊዜ አንድ የወለቃ መንደር አንጥረኛ ብሯን ለማንጠልጠል ቀለበት በይዶባታል። እጁ ይባረክና፣ ሥራው ጠንካራ ነው። ብየዳው የሴትዮዋን እጅ ሸፍኖታል።

"በእጇ የያዘችው ካልታየ አንመዘግባትም" አሉት ሊቃውንቱ። ልክ ናቸው። እሱም ራሱ ያላየውን አይጽፍም። ታዲያ ምን ይደረግ? እማማን ለመናቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦ "ብሯ የእናቴ ናት። ክርስትና ስነሣ አንገቴ ላይ ያሰረቻት እሷ ናት። በቁሜ አላስነካትም። ስሞት ልጄ ክንዱ ይጠራኻል። ያን ጊዜ ብየዳውን አንሥተህ እያት፤ አይተህ ስታበቃ ከኔ ጋር ትቀበር።" እሱም "እግዜር ያቆይዎ እማማ፤ አልቸኩልም" አላቸው።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዕድሜውን ሙሉ የፈለጋት ብር የምትገኘው እማማ ሲሞቱ ነው። እሱ ደግሞ ጾም በገባ፣ ጾም በተፈታ ቁጥር "እማማ እንዴት ሰነበቱ?" ብሎ የሚደውለው ነው።

ባለፈው ክረምት ክንዱ ደወለለት። "እናቴ አበቃላት። ቃሏ ነውና ና" አለው። ሰውአገኝ ማኪና ተኮናትሮ በዚያ ዝናብ ወጣ። ብሯን ሊያይ የሄደ መስሎን ነበር። እሱ ግን እማማ ገና ሲተነፍሱ ቢያገኛቸው አቅፎ፣ ማኪናው ውስጥ አስተኝቶ፣ ጎንደር ሆስፒታል አስገባቸው። ራጅ ሊነሡ ሲሉ ነርሷ ማተቡን ፈታችና ሰጠችው። አስቡት! ብሯ እጁ ገባች። እማማ ራሳቸውን አያውቁም። ክንዱ ራሱ "መምህር፣ ልጇ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ። አሁን ብየዳውን አስነሥተህ እያት" አለው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሰውአገኝ መዳፉን ጨበጠ። "ልጄ፣ ብሯ ያንተ አይደለችም። እሳቸው እሺ አላሉም" አለ። ራጁ እንዳለቀ ማተቡን በገዛ እጁ መልሶ አሰረላቸው።

እማማ ዳኑ። "ድነዋል እኮ! ድነዋል!" እያለ ሲደውልልኝ አዲስ ዓይነት ብር ያገኘ ነበር የመሰለኝ።

እኛ ስለ እሳቸው ስንሰጋ እሱ ሄደ። ልቡ በድንገት ቆመ። ዛሬ ጠዋት እማማ ታየች ለቅሶ ቤት ገብተው ሣጥኑን ይዘው "ምነው መምህር! ተራው የኔ አልነበር? ምነው ቀደምኸኝ?" ሲሉ፣ ያላለቀሰ ማን ነበር? ቀጥለውም ማተባቸውን ያዙና "አሁኑኑ ቁረጡና እዩለት። ድካሙ ከንቱ አይቅር፤ ትመዝገብለት" አሉ።

እመት ሸዋረግ ግን ተነሥተው የእማማን እጅ ያዙ። "አይሆንም እማማ። እሱ እርስዎ እንዲኖሩለት ጠብቋል። እኛም እንጠብቃለን" አሏቸው።

ወንድሜ ሰውአገኝ፣ ልሰናበትህ ነው። ብሯ ገና አልተመዘገበችም። እኔ በኬሚስትሪ እንጂ በሳንቲም አልዋልሁም፤ ግን አያሳዝንህም ያልኸኝ ነገር ዛሬ አሳዝኖኛል። ሊቃውንቱ ስምህን ላያውቁት ይችላሉ። እዚህ የቆመው ሕዝብ ያውቅሃል። ሸዋረግን አታስብ፤ ፀደይን አታስብ፤ እኛ አለን። ያስተማርሃቸው ልጆች ሣጥንህን በትከሻቸው ተሸክመው አምጥተውሃል። የፈጠረህ አምላክ በደጋጎቹ መካከል ቦታ ይስጥህ።

እማማ ታየች እዚህ፣ ከእግርህ ሥር ቆመዋል። ማተባቸው አንገታቸው ላይ ነው። ደኅና ናቸው፣ ሰውአገኝ። አንተም ደኅና እረፍ።