ከወንፊቱ ላይ የቀረው

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የመኖ ምርመራ ላቦራቶሪያችን ባልደረቦች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ለእኔ ብላችሁ ይህን አዳራሽ ስላዘጋጃችሁ፣ ሥራችሁንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ የመጣችሁት መሄዴን በዓይናችሁ ለማረጋገጥ እንደሆነም አውቃለሁ።

አትሳቁ። «እትዬ ለምን» እያላችሁ እንደምትጠሩኝ ያልሰማሁ መሰላችሁ? ኮሪደሩ ላይ ድምፄ ሲሰማ ማቀዝቀዣ ክፍል የሚገባ ሰው ነበር። እዚያ ምን እንደሚሠራ ልጠይቀው እያልኩ ሁልጊዜ ይረሳኛል።

ዛሬ የመጨረሻዬ ስለሆነ አንድ «ለምን» ላውራችሁ። አዲሶቹ አልሰማችሁትም። ነባሮቹ ደግሞ በተነሳ ቁጥር እርስ በርስ ተያይተን ወሬ ስለምንቀይር እስከ መጨረሻው አውርተነው አናውቅም።

የወተት ላሞች የምታረባ አንዲት ሴት ነበረች። ላሞቿ መብላት እምቢ አሉ፣ ወተታቸው ቀነሰ፣ አንዷም ጨነገፈች። መኖ ሻጩን ብትጠይቀው ያንቺ የአያያዝ ችግር ነው ብሎ መለሳት። ከዚያ የገዛችውን ፋጉሎ በጆንያ ይዛ እኛ ዘንድ መጣች። መረመርንና ንጹህ ነው አልናት። ሄዳ ተመለሰች። አሁንም ንጹህ ነው አልናት።

ይሄኔ ነው ነገሩ እኔን ያሳከከኝ። ጆንያው ውስጥ እጄን ከትቼ ሳሸተው የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ አለው። አፍንጫዬ አንድ ነገር ይላል፣ ማሽናችን ሌላ። ማንን ልመን? ሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ የሻገተ ሁሉ መርዝ የለበትም። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው፣ አፍላቶክሲን የምንለው መርዝ ደግሞ ሻጋታው ደርቆ ከረገፈም በኋላ መኖው ውስጥ ይቀራል። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢያፈሉት በቀላሉ አይጠፋም። ላሟ ትበላዋለች፣ ጉበቷን ይጎዳል፣ ከፊሉም መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገኛል።

ናሙናው የሚያልፍበትን መንገድ ከበሩ ጀምሬ በእግሬ ተከተልኩ። ወፍጮ ክፍል ስደርስ ፈጪያችን፣ ያው እዚያ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ቀና በል እንጂ ወንድሜ፣ እንደ ልማዱ ናሙናውን በጥንቃቄ ይነፋል። ደቃቁ ወደ ወፍጮው ይገባል። እንደ ጓል የተጣበቀው ከወንፊቱ ላይ ሲቀር ሰብስቦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጨምረዋል።

«ይሄን ለምን ትጥለዋለህ?» አልኩት።

«ሻግቶ ተጣብቋል እኮ ዶክተር። ወፍጮውን ያንቀዋል። ደግሞስ ቆሻሻ ይመረመራል እንዴ?»

ማን ይፍረድበት? ወፍጮው ታንቆ በቆመ ቁጥር የተቆጣነው፣ ናሙናው ጽድት ብሎ ይምጣ እያልን ያስለመድነው እኛው ነን። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራው የላቦራቶሪ ሰው ብቻ ነው። መርዝ ያለበትን ለቅመን እንጥልና የተረፈውን መርምረን ንጹህ ነው ብለን ማኅተም እናደርግበታለን።

ጓሉን በእጃችን ሰባብረን ከደቃቁ ጋር አንድ ላይ ፈጨነው። ውጤቱን ስናይ ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብለን ደገምነው። አልተሳሳተም።

ደወልኩላት። መኖውን አቁሚ፣ ወተቱንም ድፊው አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ድሮውንም ጠርጥራ ለትንሹ ልጇ ወተቱን መስጠት አቁማ እንደነበር፣ ንጹህ ነው ስንላት ግን መልሳ እንደጀመረች ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከዚያ፣

«እስከዛሬ የጠጣውስ ዶክተር?» አለችኝ።

ሐኪም ይየው አልኳት። ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። ላሞቹም መኖ ሲቀየርላቸው አገገሙ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ጓሉን ሳንጥል ሁሉንም እንፈጫለን። እሷ የጠየቀችኝ ግን ይህን አልነበረም። ያ የጠጣው ጥቂት ጥቂት መርዝ ከብዙ ዓመት በኋላ በልጁ ጉበት ላይ ምን ያደርግ ይሆን ማለቷ ነው። ያገኘሁትን ጥናት ሁሉ አነበብኩ። ስለ ብዙ ሺህ ሰው የሚናገር ሞልቷል፤ ስለ አንድ ልጅ የሚናገር አጣሁ። እያነበብኩ ጡረታዬ ደረሰ። መልሱን ሳላገኝ በመሄዴ አዝናለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ እጃችሁ የነካው ሁሉ ይባረክ። ፈጪያችንን አደራ፤ ወፍጮው ሲታነቅ እንዳትቆጡት።

ሴትየዋ ዛሬም አልፎ አልፎ በላቦራቶሪው ስልክ ትደውልልኛለች። ልጁ አድጓል፤ ስለ እሱም ስለ ላሞቹም እናወራለን። ያንን ጥያቄ ደግማ አንስታው አታውቅም። አንድ ቀን ብታነሳው ግን ስልኩን የሚያነሳው ከእናንተ አንዱ ነው። ያን ቀን ፈጣሪ እኔ ያጣሁትን መልስ ለእናንተ ይስጣችሁ።