ከምሳ በኋላ የተቀዳው ካሴት

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ፣ ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሰው አይነሳም። ሱቁ ይዘጋል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ይተኛል፣ ቀበሌ እንኳ በዚያ ሰዓት ስብሰባ አይጠራም። አቦ፣ ሙቀቱ ነዋ። ታዲያ ሮክ የሚጫወቱት የሐሩር ባንድ ልጆች እኔም በምውልበት የልምምድ ቤታቸው የመጀመሪያ ካሴታቸውን የቀዱት በዚያ ሰዓት ነው። ለምን አትሉም? መኪና የለም፣ ጋሪ የለም፣ ጸጥታ ነው። የተኛ ሰው እንዳለ ግን ማንም አላሰበም።

ጀማል የሚባል ጊታር መቺ ነበራቸው፣ የሶማሌ ልጅ፣ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ። ስፒከሩ የተቀደደ ስለነበር ጊታሩ ያጓራል፣ እና እኔ ያንን ማጓራት ወደድኩት፣ እስከዛሬም እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካሴት ሁሉ ጽድት ያለ ነው፤ የኛዎቹ ግን ድሬ ድሬ ይላል፣ አቧራው ሳይቀር ይሰማችኋል። ታዲያ ሦስተኛው ዘፈን መሃል በሩ ተበረገደና አንዲት የጎረቤት ሴት ገብተው፣ "እናንተ ልጆች፣ ሰው አይተኛም? እናት የላችሁም?" አሉ። ይኸው ካሴቱ ላይ አለ። ባዶ ካሴት ያን ጊዜ ከየት ይመጣል፣ እንዳለ ተባዛ። ሻይ ቤት ውስጥ ዘፈኑ እዚያ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ "እናት የላችሁም?" ይላል።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። እኔ ደግሞ የምወዳት አልማዝ የእሳቸው ልጅ ናት።

እና ሽማግሌ ላክሁ። "ያ ጊታር ቤት የሚውለው? ሰው የማያስተኛ ለልጄ አይሆንም" ብለው መለሷቸው። በተራዬ እንቅልፍ አጣሁ። አልማዝን ካጣሁ ድሬን ትቼ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ታዲያ ወይዘሮ ጽጌ ካሴቱን ቢሰሙት ቁም ነገር መሆኑን ያውቃሉ ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ትልቁን ሽማግሌ ጋሽ ተሰማን አስያዝኳቸው።

"ጋሽዬ፣ ቀይ ምልክት ያለበት ገጽ ወደ ላይ። ሌላውን በጭራሽ።"

"አንተ ደግሞ፣ እኔ ካሴት አላውቅም?" አሉ። አያውቁም።

አጥር ሥር ቆሜ እሰማለሁ። ገና ሲጀምር ገባኝ፣ ገልብጠውታል። አንደኛው አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ጋ ጊታሩ አጓራ፣ ከዚያ "እናት የላችሁም?"

ከዚያ ወይዘሮ ጽጌ፣ "ይህቺ ሴት ማናት?" አሉ።

የገዛ ድምፃቸውን አላወቁትም። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየቀኑ የሚሉት ነገር ነውና ትዝም አላላቸው። "እስቲ መልሱት" አሉ፣ ተመለሰላቸው፣ ደግመው ሰሙ። "ከዚህ ሁሉ ጩኸት ቁም ነገር የተናገረች እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ያለች ሴት አብራቸው ካለች ልጆቹ ባለጌ አይደሉም ማለት ነው።"

ጋሽ ተሰማም፣ "እሷማ ጨዋ ናት" አሉ።

እና ልጅቱን ሰጡኝ። ምስኪን፣ የሰጡኝ ድምፃቸውን ሳያውቁ ነው እላለሁ እስከዛሬ።

(ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ከጎን፦) "ማን፣ እማዬ? አውቃ ነው እንጂ። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ 'አልማዝ፣ ድምፄ እንዲህ ያምራል እንዴ?' አለችኝ።"